ትልልቅ ብቸኛ ቁጥሮችን ፍለጋ፦ ከ641 ተነስቼ 8 ሺህ አሃዝ እንዴት እንደደረስኩ

እስካሁን የተገኙትን ትልልቅ ብቸኛ ቁጥሮች፣ ብዙዎቻችን ፕራይም የምንላቸውን፣ ከላይ ወደ ታች ላየ ሰው አንድ ነገር ጎልቶ ይታየዋል፤ ሁሉም ማለት ይቻላል ልዩ ቅርጽ አላቸው። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2024 ሉክ ዱራንት ያገኘው፣ 41,024,320 አሃዝ ያለው ክብረ ወሰን 2^136279841−1 ነው፤ የሜርሴን ቁጥሮች ከሚባሉት ቤተሰብ። ቅርጹ ለውበት የተመረጠ አይደለም። አንድ ትልቅ ቁጥር ብቸኛ መሆኑን ማረጋገጥ የሚቀለው፣ ከእሱ በ1 የሚበልጠው ወይም በ1 የሚያንሰው ጎረቤቱ ከምን ከምን ብዜት እንደተሠራ ሲታወቅ ነው። የሜርሴን ቁጥር ላይ 1 ስንጨምር ንጹህ የ2 ርቢ ይሆናል፤ የሉካስ-ሌመር ፈተና የሚሠራውም በዚሁ ምክንያት ነው። ዝም ብሎ የተመረጠ ባለ ሚሊዮን አሃዝ ቁጥር ግን በእርግጥ ብቸኛ ቢሆን እንኳ ይህን ማረጋገጥ ዛሬም ከአቅም በላይ ነው።

ስለዚህ ፍለጋዬን ስጀምር የጠየቅሁት ጥያቄ ኮምፒውተሬ ምን ያህል ፈጣን ነው የሚል አልነበረም። ማረጋገጫውን አብሮ ይዞ የሚመጣው የትኛው ቤተሰብ ነው የሚል ነበር። የሜርሴን ሜዳ ለአንድ ኮምፒውተር አይመችም፤ የታወቁት 52 ብቻ ናቸው፣ ዝቅ ያለው ክልልም ተፈትሾ ካለቀ ቆይቷል። የመረጥኩት 5·2^ነ+1 የሚለውን ነው። «ነ» ባለበት ቦታ 1፣ 2፣ 3 እያሉ መተካት ነው፤ 7 ሲተካ 5×128+1፣ ማለትም 641 ይመጣል።

ከሌላው አባዢ ሁሉ 5ን የመረጥኩት በዚሁ በ641 ምክንያት ነው። ፌርማ 2^(2^መ)+1 የሚል ቅርጽ ያላቸው ቁጥሮች፣ ዛሬ የፌርማ ቁጥሮች የምንላቸው፣ ሁሉ ብቸኛ ናቸው ብሎ ያምን ነበር፤ «መ» የሚቆጠረው ከ0 ጀምሮ ነው፤ 3፣ 5፣ 17፣ 257 እና 65,537 በእርግጥም ብቸኛ ናቸው። ቀጣዩን 4,294,967,297ን ግን ኦይለር እ.ኤ.አ. በ1732 የ641 እና የ6,700,417 ብዜት መሆኑን አሳየ። የአንድን ታላቅ የሒሳብ ሰው ግምት ያፈረሰው ቁጥር ከዚህ ቤተሰብ መሆኑ፣ ሌሎቹም አባላት ተመሳሳይ ሥራ ይሠሩ እንደሆነ እንዳይ ገፋፋኝ።

ለዚህ ቅርጽ የሚያገለግለውን ቲዎረም ያገኘው ፍራንስዋ ፕሮት ነው። በፈረንሳይ ቨርደን አቅራቢያ የኖረ፣ ሒሳብን በራሱ የተማረ ገበሬ ነበር። ቲዎረሙን እ.ኤ.አ. በ1878 አሳተመ፤ በማግሥቱ ዓመት ገና በ26 ዓመቱ አረፈ። ዛሬ በሚሊዮን የሚቆጠር አሃዝ ያላቸው ቁጥሮች የሚረጋገጡት በዚህ ወጣት ሥራ መሆኑን ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይነካል። ቲዎረሙ የሚለው ይህን ነው፦ አባዢው ከ2^ነ ካነሰ፣ ከቁጥሩ 1 ቀንሰን ለ2 አካፍለን በተገኘው አርቢ አንድን መነሻ ከፍ ስናደርግ ቀሪው ልክ ከቁጥሩ በ1 የሚያንስ ከሆነ፣ ቁጥሩ ያለ ጥርጥር ብቸኛ ነው።

በ641 ላይ እንየው። አርቢው 320 ነው፣ መነሻውን 3 እናድርግ። 320 ማለት 5 በ2^6 ተባዝቶ ስለሆነ፣ 3ን በ5 ከፍ አድርጎ 243 ማግኘት፣ ከዚያም ስድስት ጊዜ በራሱ ማባዛት ይበቃል። በየእርምጃው ለ641 እያካፈልን ቀሪውን ብቻ ስንይዝ 77፣ 160፣ 601፣ 318፣ 487፣ 640 ይወጣል። የመጨረሻው ከ641 በ1 ያንሳል፤ ተረጋገጠ። ይህንኑ በ«ነ» 9 ላይ፣ ማለትም በ2,561 ላይ ስናደርግ መጨረሻው 256 ይሆናል እንጂ 2,560 አይመጣም። 2,561 የ13 እና የ197 ብዜት ነውና ተጋለጠ። መነሻው 3 መሆኑም በአጋጣሚ አይደለም። «ነ» ኢ-ተጋማሽና ከ1 የበለጠ ከሆነ የእኛ ቁጥር ለ3 ሲካፈል ሁልጊዜ 2 ይቀረዋል፤ ጋውስ ባረጋገጠው ሕግ መሠረት ይህ ብቻውን 3 ለፈተናው ተስማሚ መነሻ መሆኑን ዋስትና ይሰጣል። ውጤቱ «አዎ» ከሆነ አዎ ነው፣ «አይደለም» ከሆነም አይደለም። በየቁጥሩ ሌላ መነሻ ከመፈለግ መገላገል ትልቅ እረፍት ነው።

ፕሮግራሙን በፓይተን ጻፍኩት። መጀመሪያ የቋንቋውን ዝግጁ የርቢና የቀሪ ትእዛዝ ተጠቀምኩ፤ «ነ» ከጥቂት ሺህ ሲያልፍ ጊዜውን የሚበላው ማካፈሉ ሆነ። እዚህ ላይ ነው የቅርጹን ሁለተኛ ጸጋ ያየሁት፤ ለዚህ ቤተሰብ ትልቁን ማካፈል ጨርሶ መተው ይቻላል። 243 በራሱ ሲባዛ 59,049 ነው። ለ641 ከማካፈል ይልቅ ለ640 አካፍሉት፤ 92 ደርሶ 169 ይቀራል። ከ169 ላይ 92 ስትቀንሱ 77፣ ያው ከላይ ያገኘነው። ለ640 ማካፈል ደግሞ በሁለትዮሽ ለሚያስብ ኮምፒውተር ቢቶቹን 7 ቦታ ወደ ቀኝ መግፋትና ለ5 ማካፈል ብቻ ነው፤ ቀሪው ከደራሹ ካነሰ አንድ ጊዜ 641 መጨመር ነው። «ነ» 20 ሺህ ቢሆንም መግፋቱ ያው መግፋት ነው። ይህን ካስገባሁ በኋላ የቀረው ዋና ወጪ በራሱ ማባዛቱ ብቻ ሆነ፤ እሱንም ጂኤምፒ ለሚባለው የትልልቅ ቁጥሮች ቤተ-መጻሕፍት ሰጠሁት።

ግን ከፈተናው ፍጥነት ይልቅ ብዙ ጊዜ ያተረፈልኝ ፈተና ውስጥ የማይገቡትን አስቀድሞ መጣል ነው። «ነ» ተጋማሽ ሲሆን ቁጥሩ ለ3 ይካፈላል። «ነ» ለ3 ሲካፈል 2 ከቀረው ቁጥሩ ለ7 ይካፈላል። በእነዚህ ሁለቱ ብቻ ከስድስት ተከታታይ የ«ነ» ዋጋዎች አራቱ ይወድቃሉ። ከዚያ 11 ይመጣል፦ «ነ» በ1 የሚያልቅ ሁሉ ለ11 ይካፈላል፣ ራሱን 11ን ከሚሰጠው ከመጀመሪያው በቀር። ለ13 ደግሞ በየ12 አንድ ይወድቃል፣ ከ9 ጀምሮ። ወንፊቱ እንዲህ እያለ ይቀጥላል፤ እያንዳንዱ ትንሽ ብቸኛ ቁጥር የራሱ ዙር አለው፣ ዙሩ አንዴ ከታወቀ ትልቁን ቁጥር ሳይነኩ «ነ»ዎቹን ብቻ መሰረዝ ነው። የት ይቆም ለሚለው የያዝኩት ደንብ ቀላል ነው፦ ወንፊቱ አንድ እጩ ለመጣል የሚወስድበት ጊዜ አንድ እጩ ለመፈተን ከሚወስደው ከበለጠ ይበቃል። ፈተናው በ«ነ» ስለሚረዝም፣ የላይኛውን ክልል ከታችኛው በጥልቀት መንፋት ያዋጣል።

ፕሮግራሙ ከ1 ሲነሳ ውጤቱ በደስታ ይጎርፋል፦ 1፣ 3፣ 7፣ 13፣ 15፣ 25፣ 39፣ 55፣ 75፣ 85፣ 127። ከዚያ ዝም ይላል። 200 አለፈ፣ 500 አለፈ፣ 1,000 አለፈ፣ ምንም የለም። ቀጣዩ የሚመጣው 1,947 ላይ ነው፤ 587 አሃዝ ያለው 5·2^1947+1። እንዲህ ያለው ዝምታ ሲያጋጥም ፕሮግራሙን መጠርጠር ተፈጥሯዊ ነው። ዝርዝሩ አስቀድሞ በሌሎች ተሠርቶ የታወቀ መሆኑ የጠቀመኝም እዚህ ነው፤ ያልታወቀ ክልል ከመግባቴ በፊት መሣሪያዬ የታወቀውን ሁሉ አንድም ሳያስቀር እንዲያወጣ አስገደድኩት።

ዝምታው ምን ያህል እንግዳ እንደሆነ መለካት ይቻላል። አንድ ቁጥር ብቸኛ የመሆን ዕድሉ ከአሃዞቹ ብዛት ጋር በተገላቢጦሽ ይሄዳል፤ ስለዚህ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ «ነ» በእጥፍ ባደገ ቁጥር የሚጠበቁት ግኝቶች ብዛት ተቀራራቢ ነው። ከ1,947 በላይ ያለው ይህን በደንብ ያሳያል፦ 3,313፤ ከዚያ 4,687 እና 5,947፤ ከዚያ 13,165፤ ከዚያ 23,473 እና 26,607። በየእጥፉ አንድ ወይም ሁለት። ከ127 እስከ 1,947 ግን ወደ አራት እጥፎች ባዶ አለፉ። ይህ እንደሚሆን አስቀድሞ የሚናገር ሕግ የለም። ወጪው ደግሞ አብሮ አይቆምም፤ «ነ» በእጥፍ ሲያድግ የማባዛቱ ቁጥር በእጥፍ ይጨምራል፣ እያንዳንዱ ማባዛትም ይከብዳል። በፈጣኑ የፉሪየር የማባዣ ዘዴ እንኳ አንዱ ፈተና ከ4 ጊዜ በላይ ይረዝማል። ያቺኑ አንድ ወይም ሁለት ግኝት ለማግኘት ደግሞ የሚፈተኑት እጩዎችም በእጥፍ ይበዛሉ።

በጣም ያስደሰተኝ ክፍል ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ኦይለርና ሉካስ እንዳሳዩት፣ ከመጀመሪያዎቹ ጥቂቶች በስተቀር፣ የፌርማ ቁጥርን የሚያካፍል ሁሉ የአንድ አባዢና የ2^(መ+2) ብዜት ሲደመር 1 ሆኖ መጻፍ አለበት። ስለዚህ ያገኘሁትን እያንዳንዱን ብቸኛ ቁጥር ተጨማሪ ጥያቄ ጠየቅሁት፦ ከ2 ተነስቼ በራሱ ሳባዛ፣ በእሱ እያካፈልኩ ቀሪውን ስይዝ፣ ከእሱ በ1 የሚያንሰው ቁጥር ይመጣል ወይ? በ641 ላይ 4፣ 16፣ 256፣ 154፣ 640 ይላል፤ አምስት እርምጃ፣ ስለዚህ አምስተኛውን የፌርማ ቁጥር ያካፍላል፣ ኦይለር ያገኘው ይኸው ነው። ከዚያ 25 ላይ ያለው 167,772,161 ሃያ ሦስተኛውን ያካፍላል፤ 39 ላይ ያለው 36ኛውን፣ 75 ላይ ያለው 73ኛውን፣ 127 ላይ ያለው 125ኛውን። ያ ብዙ የተጠበቀው 1,947ስ? 1,945ኛውን የፌርማ ቁጥር ያካፍላል፤ ራፋኤል ሮቢንሰን በ1950ዎቹ ያሳየው ነው። 1,945ኛው የፌርማ ቁጥር የአሃዞቹ ብዛት ራሱ 585 አሃዝ ያለው ቁጥር ነው። ማንም ሊጽፈው የማይችለውን ቁጥር በምን እንደሚካፈል ግን አንድ ተራ ኮምፒውተር በቅጽበት ያረጋግጣል። 23,473 ላይ ያለው፣ ዊልፍሪድ ኬለር እ.ኤ.አ. በ1984 ያገኘው፣ 23,471ኛውን ያካፍላል። ይህን ውጤት በራሴ ፕሮግራም ሳየው፣ ቀድሞ የታወቀ መሆኑ ደስታዬን ቅንጣት አልቀነሰውም።

የእኔ ፓይተን 26,607 ላይ፣ ማለትም 8,011 አሃዝ ላይ ሲደርስ አቆምኩ። ከዚያ በላይ የሚሠሩበት መሣሪያ ሌላ ነው፦ የዣን ፔኔ ኤልኤልአር የተባለው ፕሮግራም፣ ከሥሩም ጆርጅ ዎልትማን የጻፈው የማባዣ ቤተ-መጻሕፍት። ወደ እሱ የሚሻገር ሰው ሁለት ነገር ይያዝ። አንደኛ፣ ስሌቱ በየጊዜው ዲስክ ላይ ይቀመጥ፤ መብራት ቢጠፋ ካቆመበት ይቀጥላል። ሁለተኛ፣ ሮበርት ገርቢች እ.ኤ.አ. በ2017 ያመጣው የስህተት መፈተሻ ሥራ ላይ መሆኑን ያረጋግጥ። በሚሊዮን በሚቆጠሩ ማባዛቶች መካከል በሙቀት ወይም በተዳከመ ሚሞሪ አንድ ቢት ቢገለበጥ ብቸኛው ቁጥር ሳይታይ ያልፋል፤ መፈተሻው ይህን በትንሽ ተጨማሪ ወጪ ይይዘዋል።

አባዢ መምረጥም ጥንቃቄ ይፈልጋል። 47 የመጀመሪያውን ብቸኛ ቁጥር የሚሰጠው «ነ» 583 ሲደርስ ነው። 78,557 ደግሞ መቼም አይሰጥም፤ ጆን ሴልፍሪጅ እ.ኤ.አ. በ1962 እንዳሳየው፣ «ነ» ምንም ይሁን ምን ከ3፣ 5፣ 7፣ 13፣ 19፣ 37 እና 73 አንዱ ያካፍለዋል። ከ78,557 በታች እንዲህ ያለ ኢ-ተጋማሽ አባዢ አለ ወይ የሚለው ዛሬም ክፍት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 በፕራይምግሪድ የጋራ ፍለጋ 10223·2^31172165+1 ሲገኝ፣ 9,383,761 አሃዝ ያለው፣ ያልተፈቱት ወደ አምስት ወረዱ፦ 21,181፣ 22,699፣ 24,737፣ 55,459 እና 67,607። የኮምፒውተሬን ትርፍ ጊዜ የምሰጠው ከእንግዲህ ለዚህ ፍለጋ ነው።

በራሱ ፕሮግራም መጀመር ለሚፈልግ ግን 3·2^ነ+1ን እመክራለሁ። እዚህ መነሻው 3 አይሠራም፤ ቁጥሩ ለ3 ሲካፈል ሁልጊዜ 1 ስለሚቀረው። 5ም «ነ» ለ4 እኩል ሲካፈል አይሆንም፤ ስለዚህ ፕሮግራሙ ለየቁጥሩ 5ን፣ 7ን፣ 11ን እየሞከረ ተስማሚውን መነሻ እንዲመርጥ አድርጉ። መውጣት ያለባቸው 1፣ 2፣ 5፣ 6፣ 8፣ 12፣ 18፣ 30፣ 36፣ 41፣ 66፣ 189 ናቸው፤ የመጀመሪያው ላይ አባዢው ከ2^ነ ስለሚበልጥ ቲዎረሙ አይሸፍነውም፣ 7 ብቸኛ መሆኑን ለብቻው ያዙት። 41 ላይ ስትደርሱ የፌርማውንም ጥያቄ ጠይቁ፦ ከ2 ተነስታችሁ 38 ጊዜ በራሱ ስታባዙ ከቁጥሩ በ1 የሚያንሰው ቀሪ ከመጣ፣ መሣሪያችሁ ለትልቁ ክልል ዝግጁ ነው።