የፒት ቁራሽ

ዛሬ ማታ ቤቱ ጸጥ ሲል፣ ብዙ ጊዜ ወደምመለስበት አንድ የእንግሊዝ የፖለቲካ ካርቱን እንደገና ተመለስኩ። ጄምስ ጊልሬይ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 26 ቀን 1805 ለንደን ላይ ለገበያ ያወጣው የፑዲንግ፣ ማለትም እንግሊዞች የሚወዱት ጣፋጭ ምግብ፣ ሥዕል ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዊሊያም ፒትና ናፖሊዮን በአንድ ገበታ ፊት ለፊት ሆነው፣ እንፋሎቱ ገና የሚትጎለጎል ክብ ፑዲንግ ይቆርጣሉ፤ ፑዲንጉ ግን ዓለም ራሷ ናት። ናፖሊዮን ከወንበሩ ብድግ ብሎ አውሮፓን በጥድፊያ ሲገምስ፣ ከሲታው ፒት ደግሞ ባለሦስት ጣት ሹካውን ውቅያኖሱ ላይ ተክሎ፣ ረጋ ብሎ ባሕሩን ወደ ራሱ ይቆርጣል።

ለዓመታት ዓይኔ የሚያርፈው ናፖሊዮን ላይ ነበር። በትልቅ ባርኔጣ ሥር ያለችው ያቺ ትንሽ ሰውነት የጊልሬይ ፈጠራ ናት፤ ናፖሊዮን በቁመቱ በዘመኑ ከነበሩት ፈረንሳውያን የማያንስ ሰው ሆኖ ሳለ፣ ዛሬም ድረስ ብዙዎች አጭር ነበር ብለው የሚያምኑት በአብዛኛው በእነዚህ ሥዕሎች የተነሣ ነው። ዛሬ አጉልቼ ሳየው ግን ትልቁን ቁራሽ የሚወስደው ፒት መሆኑን አስተዋልኩ።

ይህ በጣም ነካኝ። ጊልሬይ በ1797 ከፒት መንግሥት 200 ፓውንድ ዓመታዊ ክፍያ ተቆርጦለት ነበርና፣ የተቃዋሚዎቹን መሪ ቻርለስ ፎክስን የሚያዋርዱ ሥዕሎቹን ባየሁ ቁጥር ገንዘቡ ትዝ እያለኝ ቅር ይለኝ ነበር። አሁንም ክፍያውን መቀበሉ ልክ ነበር አልልም። ነገር ግን ጠላት በር ላይ በቆመበት በዚያ የጦርነት ዘመን፣ የገዛ አገሩን መሪ ከወራሪው ጋር እኩል ስግብግብ አድርጎ ለመሳል የደፈረን እጅ፣ የተገዛ እጅ ነው ብዬ ልዘጋው አልችልም።

ያ እጅ የሚሠራው በሰም በተቀባ የመዳብ ሰሌዳ ላይ ነበር፤ መርፌው ሰሙን በጫረበት አሲዱ መዳቡን ይበላዋል፣ ሥዕሉም ሲታተም ስለሚገለበጥ ሁሉ ነገር በግልባጩ መሳል ነበረበት። የሚኖረው ከአሳታሚው ከሐና ሐምፍሪ ሱቅ በላይ፣ ሴንት ጄምስ ጎዳና ላይ ነው። በ1808 የወጣ አንድ ሥዕል ሱቁን ያሳየናል፦ አንድ አዛውንት በረዶ አዳልጧቸው መሬት ላይ ተዘርግተዋል፤ ከኋላቸው የተሰበሰበው ሰው ግን መስኮቱ ላይ የተለጠፉትን ሥዕሎች በማየት ተጠምዶ ዘወር ብሎ እንኳ አላያቸውም። መግዣ የሌለው የለንደን ሰው ፖለቲካውን የሚያነበው እንዲህ መስኮት ሥር ቆሞ ነበር።

ይህ ሥዕል ሲወጣ የጊልሬይ ዓይን መድከም ጀምሮ ነበር። ኑሮው ሁሉ በመርፌ ጫፍ ላይ ለቆመ ሰው ከዚህ የከፋ ምን እንደሚመጣ አላውቅም። ከ1809 በኋላ አዲስ ሥራ አላወጣም፤ ቀጥሎም አእምሮውን ሳተ፤ ሐና ሐምፍሪም እዚያው ቤቷ ውስጥ እስከ መጨረሻው አስታመመችው። ጁን 1 ቀን 1815 ሞተ። ናፖሊዮን ዋተርሉ ላይ የተሸነፈው ከዚያ በ17ኛው ቀን ነው።