አሥራ አንድ ቀን በ60 ሄርዝ

አዲሱ ሞኒተር ጠረጴዛዬ ላይ ከተቀመጠ ዛሬ አሥራ ሁለተኛ ቀኑ ነው። እንዴት እንደመረጥኩት ልጽፍ ያሰብኩት ገና በመጀመሪያው ማታ ነበር። ደግነቱ ሰነፍኩ። ያኔ ጽፌው ቢሆን ኖሮ ግማሹ ውሸት ይሆን ነበር።

ከአሮጌው ልጀምር። 22 ኢንች፣ 60 ሄርዝ (በሰከንድ 60 ጊዜ ምስል የሚቀይር)፣ ከማን እንደወረስኩት እንኳ የረሳሁት። ወንበሬን ዝቅ አድርጌ ከስር ቀና ብዬ ካየሁት ቀለሙ ይገለበጣል። ለዓመታት አብረን ኖረናል፤ አልጠላውም። ችግሩ የተኩስ ጌም ላይ ነው። ድንገት ዞር ስል ምስሉ አግድም ይቀደዳል፤ የላይኛው ግማሽ ሌላ ቦታ፣ የታችኛው ሌላ ቦታ። እኔ የምሞተው ደግሞ ሁልጊዜ በዚያች ቅጽበት ነው። (ታናሽ ወንድሜ “የምትሞተው መተኮስ ስለማትችል ነው” ይለኛል። እሱን ለጊዜው እንተወው።)

ገንዘቡ ብዙ አይደለም። ለሞኒተር ብዬ ለብቻዋ ያስቀመጥኳት ነች፤ ከሷ ውጪ ሳንቲም አልነካም ብዬ ምያለሁ። እንዲህ ያለ በጀት አንድ ጥሩ ነገር አለው፤ ግማሹን ጥያቄ እሱ ራሱ ይመልስልሃል። ፎርኬ፣ ያ እጅግ ጥርት ያለው? እርሳው። ኦሌድ፣ እያንዳንዱ ነጥብ በራሱ የሚበራው? በህልም ካልሆነ።

ልቤ የተንጠለጠለው ግን 27 ኢንች፣ 1440 (ከላይ እስከ ታች 1440 ነጥብ ያለው) ላይ ነበር። ትንሽ ብጠብቅ፣ ትንሽ ብጨምር ይደረስበታል። ያየ ሰው ሁሉ “አንዴ ከለመድከው ወደ 1080 አትመለስም” ይላል። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች። እኔም ልታነቅ ትንሽ ነበር የቀረኝ።

አንድ ማታ ቁጭ ብዬ ፒክስሎቹን፣ ማለትም የስክሪኑን ነጥቦች፣ አባዛሁ። 1920 በ1080 ሲባዛ 2 ሚሊዮን 73 ሺህ ከምናምን ይመጣል። 2560 በ1440 ደግሞ 3 ሚሊዮን 686 ሺህ። ምስሉን የሚሠራው ግራፊክስ ካርዴ ለእያንዳንዱ ፍሬም (ነጠላ ምስል) 78 በመቶ ያህል ተጨማሪ ነጥብ መሳል አለበት ማለት ነው። ካርዴን ደግሞ አውቀዋለሁ። ለማረጋገጥ ያህል የጌሙን የፍሬም ገደብ አነሳሁና ቆጣሪውን አብርቼ ሦስት ማታ ተጫወትኩ፤ ቁጥሩን ወረቀት ላይ እየጻፍኩ። ከፍተኛውን አይደለም፣ ዝቅተኛውን። ጭሱና ፍንዳታው ሲበዛ፣ ማራገቢያው ሲጮህ፣ ያኔ ስንት ይላል? በ1080፣ ሴቲንጉን መካከለኛ ላይ አድርጌ፣ በሰከንድ ከ90 ፍሬም አይወርድም። ሲመቸው 120 ይገባል።

ያቺ ወረቀት ናት የገላገለችኝ። ሞኒተር ፍሬም አይሠራም፤ የተሰጠውን ነው የሚያሳየው። 1440 ብገዛ ያ 90 ወደ 60 ምናምን ይወርድና ከሸሸሁበት ቦታ ተመልሼ እገባለሁ። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣውም ይታወቃል፤ “ካርዱንም ብቀይረውስ?” ማለት ልጀምር ነው።

ስለዚህ 1080 ሆነ። 1080 ከሆነ ደግሞ 27 ኢንች ቀረ። ያንኑ ፒክስል ትልቅ ስክሪን ላይ ሲዘረጉት በአንድ ኢንች 82 ገደማ ብቻ ይደርሳል፤ 24 ላይ 92 ነው። በወረቀት ላይ ትንሽ ትመስላለች። ክንድ በማይሞላ ርቀት ተቀምጦ ጽሑፍ ለሚያነብ ሰው ግን የፊደሉ ጠርዝ ይታወቃል። እኔ ሞኒተሩ ላይ ከጌም ይልቅ ጽሑፍ የማይበት ሰዓት ይበዛል፤ ለወንድሜ እንዳይነገር።

ሄርዙ ላይ ብዙ አልተጨነቅሁም። በ60 ሄርዝ አዲስ ምስል የሚመጣው በየ16.7 ሚሊሰከንዱ ነው። በ144 በየ6.9። በ240 በየ4.2። ከ60 ወደ 144 ስትሄድ ወደ 10 ሚሊሰከንድ ታተርፋለህ፤ ከዚያ ወደ 240 ስትሄድ 3 እንኳ አትሞላም። ካርዴ 240 ፍሬም የሚያወጣ ቢሆን ይታሰብ ነበር። አይደለም።

ያንገላታኝ ፓነሉ፣ የስክሪኑ ዓይነት፣ ነው፤ ቪኤና አይፒኤስ በሚባሉት ሁለቱ መሃል ዋለልኩ። ቪኤ ጥቁሩ ጥቁር ነው። የብርሃንና የጨለማ ንጽጽሩ ብዙ ጊዜ 3000 ለ1 ይደርሳል፤ አይፒኤስ ወደ 1000 ለ1 አካባቢ ነው። እኔ ደግሞ መብራት አጥፍቼ የምጫወት ሰው ነኝ። ቪኤ ልገዛ ወስኜ ጨርሼ ነበር። ጓደኛዬ ቤት ያለው ቪኤ ስለሆነ እስኪ ልየው ብዬ ሄድኩ። ጨለማ ኮሪደር ውስጥ ገባሁና ማውዙን ግራ ቀኝ አልኩት። የበሩ ጥላ በሩን ትቶ ቀረ። እንደ ጥላሸት ግድግዳው ላይ ተጎትቶ፣ ካቆምኩ በኋላ ነው ቦታው የተሰበሰበው። ጓደኛዬ “ምን? የቱ?” ይላል። ዓይኑ ለምዶታል። እኔ ግን አንዴ ካየሁት በኋላ ሌላ ነገር ማየት አልቻልኩም። በነጋታው ወደ አይፒኤስ ዞርኩ። አዎ፣ ማታ ማታ ጥቁሩ ግራጫ ይመስላል፤ ማዕዘኖቹም ላይ ፈዘዝ ያለ ብርሃን አለ። ከሚጎተተው ጥላ ይሻለኛል።

ሳጥኑ ላይ የተጻፈችውን “1 ሚሊሰከንድ” (ነጥቡ ቀለም ለመቀየር የሚፈጅበት ጊዜ) አላመንኳትም። አንዳንዴ ያቺ 1 የምትገኘው ሜኑው ውስጥ ያለውን ኦቨርድራይቭ (ነጥቦቹን የሚያፋጥነውን) እስከ ጥግ ሲገፉት ብቻ ነው፤ ያኔ ከሚሮጠው ነገር ኋላ ነጣ ያለ ጥላ ይከተላል። አንዳንዴ ደግሞ የጀርባ መብራቱ ብልጭ ድርግም እያለ የተለካ ሌላ ልኬት ነው። እኔ መካከለኛው ላይ ትቼዋለሁ። ኤችዲአር (ብሩሁንና ጨለማውን አጉልቶ ማሳያ) የሚለውንም አለፍኩት፤ በዚህ ዋጋ ያለ ሞኒተር ብዙ ጊዜ ብርሃኑን ቦታ ቦታ ለይቶ የሚያደበዝዝበት አቅም የለውም። ስታንዱ ከፍና ዝቅ አይልም። ሁለት ወፍራም መጽሐፍ ከስሩ አደረግሁለት።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ያሰላ ሰው ነው ሞኒተሩ ሲመጣ እንዲህ ያደረገው። የአሮጌው የኤችዲኤምአይ ኬብል ከጠረጴዛው ጀርባ ተዘርግቶ ነበር። ማን ይጎነበሳል? ነቀልኩና አዲሱ ላይ ሰካሁት። ጌም ከፈትኩ። ወይ ጉድ! ቀለሙ፣ ስፋቱ፣ ፍጥነቱ! ለወንድሜ ደውዬ “ልዩነቱማ አይወራም፣ ቅቤ ነው” አልኩት። ለአሥራ አንድ ቀን ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ስለ 144 ሄርዝ ሰበክሁት።

ትናንት ወንድሜ መጣ። ወንበሬ ላይ ተቀመጠ፣ ጌም እንኳ አልከፈተም። ባዶው ዴስክቶፕ ላይ ማውዙን በክብ በክብ አዞረው። አንዴ አየኝ።

“ይሄ ነገር 60 ነው።”

“አይደለም፣ 144 ነው።”

“ቀስቶቹን ተመልከታቸው እስኪ።”

ተመለከትኩ። ጠቋሚዋ ስትዞር አንዷን ቀስት ትታ ራቅ ብላ ሌላ፣ ደግሞ ራቅ ብላ ሌላ። ዊንዶውስ ሴቲንግ ገባን፣ ዲስፕሌይ፣ አድቫንስድ። 60። ዝርዝሩን ስንከፍተው ከ120 በላይ የለም፤ በዚያ መግቢያ ያለው ጣሪያ እሱ ነበር። 144 የሚያደርሰው ሌላው ኬብል፣ የዲስፕሌይፖርቱ፣ ሳጥኑ ውስጥ ነው ያለው፤ ፕላስቲኩ አልተቀደደም። ወንድሜ ምንም ሳይናገር ቀደደው። የሚናገር ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

አዲሱን ኬብል ሰክተን 144 መረጥን። ሜኑው ውስጥ ፍሪሲንክም (ሞኒተሩን ከካርዱ ፍሬም ጋር እያስማማ ምስሉ እንዳይቀደድ የሚያደርገው) ጠፍቶ ነው የተገኘው፤ እሱንም አበራነው። ካርዴ ኢንቪዲያ ነው፤ ፍሪሲንክ የተፎካካሪው የኤኤምዲ ቢሆንም፣ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2019 ወዲህ እንዲህ ካሉ ሞኒተሮች ጋርም ይስማማል። ከዚያ ማውዙን እንደገና አዞርኩት። አሁን ቀስቶቹ ተጠጋግተዋል፣ መስመር ሊሆኑ ምንም አልቀራቸውም። እውነተኛው ልዩነት ይሄ ከሆነ ለአሥራ አንድ ቀን ያደነቅሁት ምን ነበር? ቀለሙ እውነት ነው። ከስር ሲያዩት አለመገለበጡም እውነት ነው። “ቅቤ” ያልኩት ግን የከፈልኩትን ገንዘብ ሳይሆን አይቀርም።

ወንድሜ ከሄደ በኋላ አንድ ዙር ተጫወትኩ። ድንገት ዞር አልኩ። ምስሉ አልተቀደደም። የገደለኝን ሰውዬ ከጫማው እስከ ራስ ቁሩ በደንብ አየሁት።