ቦቃን ያሳደግሁበትና ያረድሁበት ጊዜ

ቦቃ የተወለደው ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ በሚገኘው ቤታችን፣ ሌሊት ሌሊት ውርጭ በሚጥልበት በኅዳር ወር ነበር። እናቱ በወለደችው ማግስት ስለ ሞተች፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ምልክት ያለበትን ያን ጠቦት ከምድጃው ዳር አስተኝቼ የላም ወተት በጡጦ እያጠባሁ አሳደግሁት። አንድ ማታ የፈነጠቀ ፍም ጎኑን አቃጥሎት፣ እዚያች ቦታ ላይ ጸጉር ሳይበቅል ቀረ። ስሙን ያወጣችለት የሰባት ዓመት ልጄ ናት።

የመንዝ በግ ቁመቱ አጭር ቢሆንም ብርድ ቻይ ነውና ቶሎ ጠነከረ፤ ሆኖም ሌሎቹ ወደ መስክ ሲወጡ እርሱ በር ላይ ቆሞ የእኔን ድምፅ ይጠብቅ ነበር። በሁለተኛው ዓመት አኮላሸነውና ከጥር ጀምሮ ለፋሲካ እንዲሰባ ፉርሽካ፣ የባቄላ ገለባና የጠላ አተላ አቀርብለት ጀመር። የሁዳዴን 55 ቀን በጾም ስናሳልፍ ላቱ እየከበደ ሄደ። ማታ ማታ ከመዳፌ ላይ ጨው ሲልስ፣ ይህን በግ ላርደው ነው ወይስ ላኖረው ነው የሚለውን ጥያቄ ለራሴ እንኳ ሳልመልስ ወደ ቤት እገባ ነበር።

የፋሲካ ሌሊት ከቅዳሴ ስንመለስ ጎትቶ የሚያመጣው ሰው አላስፈለገም፤ ስጠራው መጣ፣ መዳፌንም ጨው የያዝሁ መስሎት ላሰው። በስመ አብ ብዬ አረድሁት። ለልጄ ግን «ቦቃ ተሸጠ» አልኋት። ከቀትር በኋላ የተወጠረውን ቆዳ አይታ፣ ጣቷን በዚያች ጸጉር አልባ ቦታ ላይ አድርጋ «አባዬ፣ ይሄ እኮ የቦቃ ነው» ስትለኝ የምመልሰው አጣሁ። ከማረዴ ይልቅ መዋሸቴ ዛሬም ያመኛል።

ከዚያ ወዲህ አሠራሬን ለውጫለሁ። እናቱ የሞተችበትን ግልገል፣ አንድ ጎረቤታችን የሆኑ አዛውንት እንዳሳዩኝ፣ ገና በወለደች ሌላ በግ የእንግዴ ልጅ ፈሳሽ አሽቼ ወደ እርሷ አስጠጋዋለሁ፤ በግ ልጇን የምትለየው በጠረን ነውና ብዙ ጊዜ ትቀበለዋለች፣ ግልገሉም ከመንጋው ጋር ያድጋል። እ.ኤ.አ. በ2009 በመንዝ በተጀመረው የማኅበረሰብ የበግ ዝርያ ማሻሻያ ሥራ ገበሬዎች ለዘር የሚሆኑትን አውራዎች በጋራ መርጠው ያስቀራሉ፣ የቀሩት ይሸጣሉ ወይም ይሰባሉ። እኔም ከዚያ ተምሬ ለዘር የሚቀረውንና ለእርድ የሚሆነውን ገና ጠቦት ሳለ እወስናለሁ፣ ለልጄም በዚያው ቀን እነግራታለሁ። መውደዷን አልከለክላትም፤ መንከባከብ የሚመጣው ከመውደድ ነው ብዬ አምናለሁና። ሲታረድም ሌሎቹ በጎች በማያዩበት ጓሮ፣ ቢላዋውን አስቀድሜ ስዬ ነው።

ባለፈው ገና የትኛው እንደሚታረድ ስነግራት ጥቂት ዝም አለችና፣ ያን ዕለት ጠዋት አያቷ ዘንድ እንድትሄድ ፈቃድ ጠየቀችኝ። ፈቀድሁላት። የቦቃን አጎዛ እንዳልሸጠው ስለ ለመነችኝ ግን አሁንም መደቧ ላይ አንጥፋ ትተኛበታለች።