ቦርሳ ሳይዙ ለመውጣት መጀመሪያ ሲሙን ቆልፉ

አዲስ አበባ ውስጥ ነዳጅ ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚቀዳው በዲጂታል ክፍያ ነው። መብራት፣ ውሃና የሱቅ አስቤዛም በስልክ ይከፈላል። መታወቂያውም በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕጋዊ መሠረት ባገኘው ፋይዳ በተባለው ብሔራዊ ዲጂታል መታወቂያ በኩል ስልክ ውስጥ ገብቷል። ስለዚህ ያለ ኪስ ቦርሳ መውጣት ይቻላል፤ ግን ብዙ ሰው ለመተግበሪያው እንጂ ለሲም ካርዱ አያስብም። ቴሌብርም፣ ሲቢኢ ብርም፣ ኤምፔሳም የታሰሩት በስልክ ቁጥራችሁ ነው፤ የፋይዳ ማረጋገጫ ኮድም የሚመጣው እዚያው ነው። ሲሙ ከጠፋ ሁሉም በአንድ ጊዜ ያመልጣችኋል።

ስለዚህ ሥራው ከሲሙ ይጀምር። አንድሮይድ ስልክ ላይ ሴቲንግ ገብታችሁ ሴኩሪቲ ውስጥ የሲም ካርድ ሎክን ፈልጉ። ስክሪኑን በአሻራ መቆለፍ ብቻውን አይበቃም። ሌባው ሲሙን አውጥቶ በሌላ ቀፎ ከከተተው የማረጋገጫ ኮድ የያዘው መልእክት ለእሱ ይደርሰዋል፤ ይህን የሚያግደው የሲም ፒን ነው። ሎኩን ስታበሩ መጀመሪያ የምትጠየቁት ፒን ሲሙ ተሰክቶበት በመጣው ፕላስቲክ ላይ የታተመውን ነው፤ ከዚያ ወደ ራሳችሁ ቁጥር ትቀይሩታላችሁ። በግምት አትሞክሩ። ሦስት ጊዜ ከተሳሳታችሁ 8 አኃዝ ያለው ፒዩኬ (የተቆለፈ ሲም መክፈቻ ቁጥር) ይጠየቃል፤ ፒዩኬውን 10 ጊዜ ከተሳሳታችሁ ደግሞ ሲሙ ከጥቅም ውጭ ይሆናል። ፕላስቲኩ ከተጣለ መጀመሪያ አገልግሎት ማዕከል ሄዳችሁ ፒዩኬውን ተቀበሉ።

ፋይዳ ላይ ችግር የሚፈጠረው አብዛኛውን ጊዜ ምዝገባው ቀን ነው። የአሥር ጣት አሻራ፣ የዓይን አይሪስና ፎቶ ይወሰዳል፤ ምዝገባው በነፃ ነው። ሰው የሚቸኩለው መረጃው ስክሪን ላይ ሲታይ ነው፤ እዚያ ቆም በሉ። ስማችሁ በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ ከባንክ ደብተራችሁ ጋር በአንዲት ፊደል እንኳ ከተለያየ፣ በኋላ ፋይዳን ከሒሳብ ቁጥር ጋር ስታገናኙ ሊያስቸግራችሁ ይችላል። የልደት ቀንም እንዲሁ ነው፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተነገረው ዓመት በፈረንጅ አቆጣጠር ቦታ ላይ ከገባ ሰባት ስምንት ዓመት ያስረጃችኋል። የምታስመዘግቡት ስልክም የራሳችሁ ይሁን። በልጅ ወይም በጓደኛ ቁጥር የተመዘገበ ሰው ኮድ በተጠየቀ ቁጥር ያን ሰው ፍለጋ ይደውላል።

ፋይዳ ሁለት ቁጥር አለው። 16 አኃዝ ያለው ፋን ለአገልግሎት ሰጪ የሚሰጠው ነው፤ 12 አኃዝ ያለውን ፊን ግን ለራሳችሁ ያዙት፣ በቴሌግራም ግሩፕ አትለጥፉት። የካርዱ ኪዩአር ኮድ ነጥቦቹ የተጠጋጉ ስለሆነ ደብዛዛ ወይም የተሰነጠቀ ስክሪን ላይ አልነበብ ይላል። ከማሳየታችሁ በፊት የስክሪኑን ብርሃን እስከ መጨረሻ ጨምሩ። ለሰው ስትልኩትም በፎቶ ሳይሆን በፋይል ላኩ፤ በፎቶ ከተላከ ጥራቱ ይወርዳል።

ክፍያ ላይ ዋናው ጥንቃቄ ስም ማንበብ ነው። የተቀባዩን ቁጥር ካስገባችሁ በኋላ ስሙ ይመጣል፤ ፒን ከመንካታችሁ በፊት አንብቡት። የተሳሳተ ሰው ጋር የሄደ ገንዘብ ተቀባዩ ካወጣው በኋላ ማስመለስ እጅግ ከባድ ነው። «በስህተት ልኬልህ ነው፣ መልስልኝ» የሚል ስልክ ከተደወለም መጀመሪያ ቀሪ ሒሳባችሁን እዩ። የቴሌብር መልእክት የሚመጣው ከ127 ነው፤ ከግል ቁጥር የመጣ «ገንዘብ ገብቶልዎታል» የሚል መልእክት ማጭበርበሪያ ነው። ለሻጮችም አንድ ነገር ልበል፦ የደንበኛው ስክሪንሹት ደረሰኝ አይደለም፤ ዕቃ የሚሰጠው ገንዘቡ በራሳችሁ ስልክ መግባቱን ስታዩ ነው።

ዳታ ሲቋረጥ ቴሌብር በ*127#፣ ሲቢኢ ብር በ*847# ይሠራል። ኔትወርኩ ጭራሽ ከጠፋ ግን ሁለቱም አይሠሩም። ለሚኒባስ ታክሲ የሚሆን ዝርዝር ብር ያዙ። መንጃ ፈቃድ ያለውም ካርዱን ይዞ ይንቀሳቀስ፤ ፋይዳ ማንነትን እንጂ የመንዳት ፈቃድን አያሳይም።

አሁን ክፉው ቀን። ስልኩ ሲሰረቅ ሲም ለማስተካት መታወቂያ ይጠየቃል፤ መታወቂያው ደግሞ የተሰረቀው ስልክ ውስጥ ነው። ከዚህ አዙሪት የሚያወጣው የታተመ የፋይዳ ካርድ ስለሆነ አሳትማችሁ ቤት አስቀምጡ፤ ፋኑንም ወረቀት ላይ ጻፉ። ከተሰረቃችሁ ያገኛችሁትን ስልክ ተውሳችሁ መጀመሪያ ሲሙን አዘጉ፤ ኢትዮ ቴሌኮም 994፣ ሳፋሪኮም 700 ነው። ቀጥሎ ለባንካችሁ ደውሉ፤ የንግድ ባንክ ቁጥር 951 ነው። አዲሱን ሲም ስትቀበሉ የቴሌብሩንና የባንኩን ፒን በዚያው ቀን ቀይሩ። ለፖሊስ የቀፎው መለያ ቁጥር ያስፈልጋል፤ ስልኩ እጃችሁ ላይ እያለ *#06# ብትመቱ 15 አኃዝ ይመጣል፣ ሁለት ሲም የሚይዝ ቀፎ ከሆነ ሁለት ቁጥር ያሳያል። ሁለቱንም ፋኑን በጻፋችሁበት ወረቀት ላይ አስፍሩ።