ዓመቱ ብቻ አይበቃም

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን የፈረንሳይ መጻሕፍት ጋር ነው የዋልኩት። የመጀመሪያ እትም ለምትሰበስቡ ወዳጆች ጥቂት ነገር ልበል።

ርእስ ገጹ ላይ ያለውን ዓመት አይታችሁ ገንዘብ አታውጡ። የፍሎቤርን «ማዳም ቦቫሪ» (ፓሪስ፣ ሚሼል ሌቪ፣ እ.ኤ.አ. 1857፣ በ2 ቅጽ) ካገኛችሁ መጀመሪያ መጽሐፉ ለማን መታሰቢያ እንደሆነ የሚገልጸውን ገጽ ክፈቱ። እዚያ ላይ ለደራሲው ፍርድ ቤት ቆሞ የተከራከረለት የጠበቃው የሴናር ስም አለ፤ በመጀመሪያው ኅትመት መጨረሻው ላይ በ«ዲ» ፋንታ «ቲ» ገብቶበታል። ታርሞ ካያችሁት ቆይቶ የታተመ ነው።

የገጣሚው የቦድሌር «የክፋት አበቦች» ይበልጥ ያስቸግራል። በዚያው ዓመት 1,300 ያህል ቅጂ ታተመ። መለያዎቹ እነዚህ ናቸው፦ ገጽ 31 እና 108 ራስጌ ላይ «ፍለር» (አበቦች) ከሚለው የርእሱ ቃል «ኤል» ተዘሏል፤ ገጽ 45 ደግሞ 44 ተብሏል። ነሐሴ ላይ ግን ፍርድ ቤት 6 ግጥሞች ከመጽሐፉ እንዲሰረዙ ስለፈረደ ከአንዳንዱ ቅጂ ግጥሞቹ ያሉባቸው ቅጠሎች (ሉሆች) ተቆርጠዋል። ስለዚህ ቅጠል በቅጠል ቁጠሩ። የፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ጋሊካ በተባለው ድረ ገጹ የድሮ እትሞችን በነፃ ያሳያል፤ ጎን ለጎን አድርጋችሁ አመሳክሩ።

ሽፋኑንም እዩ። መጻሕፍቱ የሚሸጡት በስስ የወረቀት ሽፋን ነበር፤ ገዢው በቆዳ ሲያስጠርዝ ጠራዡ ሽፋኑን ይጥላል፣ ኅዳጉንም ይከረክማል። እጅግ ያሳዝናል! ሽፋኑ የተረፈለት ዋጋው በብዙ ይበልጣል። ወረቀቱ ከመጠን በላይ ነጥቶ ከለሰለሰ ቡናማ ነጠብጣቡን ለማስለቀቅ ታጥቦ ሊሆን ይችላል፤ ሲታጠብ ወረቀቱን ያጠነከረው ሙጫ አብሮ ይሄዳል። ሻጩን በግልጽ ጠይቁት፣ መልሱንም ደረሰኙ ላይ አስጽፉ።