የዘጌ ዓይኖችና እስክንድር ቦጎሲያን

ዛሬ ዘጌ ነበርኩ። ዑራ ኪዳነ ምሕረት የመቅደሱን ግድግዳ ስመለከት አረፈድኩ። ጻድቃኑ በሁለት ዓይናቸው ፊት ለፊት ያዩናል፤ ክፉዎቹ ፊታቸውን ወደ ጎን አዙረው አንድ ዓይናቸው ብቻ ይታያል። እነዚያን ዓይኖች ሳይ ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን ትዝ አለኝ።

እስክንድር እ.ኤ.አ. በ1937 አዲስ አበባ ተወልዶ፣ በ1955 ለትምህርት ለንደን፣ ከዚያም ፓሪስ ሄደ። ፓሪስ ከኩባዊው ሠዓሊ ዊፍሬዶ ላም ሥራዎችና ከሱሪያሊዝም ጋር ተዋወቀ፤ እጅ ሳይታቀድ ይሂድ፣ ሕልም ይምራ ከሚለው መንገድ ጋር። በ1970 ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት አስተማረ፤ በ2003 እዚያው ዋሽንግተን አረፈ።

አንዳንዶች ጥበቡን ሁሉ ፓሪስ የሰጠችው ይመስላቸዋል። እኔ በፍጹም አልስማማም። በሸራውና በቆዳው ላይ የበተናቸው ዓይኖች የጎጃም ደብተራ በብራና ላይ ከሚስለው ጠልሰም፣ ከክፉ ይጠብቃል ከሚባለው ሥዕል ጋር የሥጋ ዘመድ ናቸው። ፓሪስ ያደረገችው ያንን እንዳያፍርበት ማበረታታት ይመስለኛል።

ማታ ባሕር ዳር ቤቴ ስገባ ያንን ሳይታቀድ የመሳል መንገድ ልሞክር ብዬ እርሳሱን አስቀምጬ፣ ቡናማ ቀለም በውኃ አቅጥኜ ወረቀቱ ላይ አፈሰስኩት። ወረቀቱን አዘንብዬ ጠበቅሁ። ቀለሙ በቀኝ በኩል ቀጥኖ ወረደ፣ ጫፉ ላይ ተጠራቀመ፤ የወፍ አንገት ሆነ። ክንፍ ልጨምርለት እጄ ሲቸኩል ከለከልኩት። ትንሽ ቆይቶ ከአንገቱ ሥር ዓይን ወጣ! ዙሪያውን በጥቁር ብቻ ከበብኩት።

ባሕር ዳር የምትስሉ ወዳጆቼ፣ ቅዳሜ ቀለማችሁን ይዛችሁ ኑና አብረን እንሞክረው።