የኋላው ጥግ ተለቀቀ

የሙያ አጋሮቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? የማስተምረው ምሥራቅ ጎጃም፣ ቢቸና አካባቢ ባለ የገጠር ትምህርት ቤት ነው። ዘንድሮ የያዝኩት 2ኛ ክፍልን ነው። በዚህ ሳምንት፣ የተሰባበረ ዴስክና የድሮ መጽሐፍ ተከምሮበት የነበረው የክፍሌ የኋላ ጥግ ሙሉ በሙሉ ተለቀቀ። ሁለት ዴስክ ገባበት። ተጣበው ይቀመጡ የነበሩ ልጆች አሁን ክርናቸውን ዘርግተው ይጽፋሉ። ደስታውን ለብቻዬ መያዝ ስላልቻልኩ ነው የምጽፍላችሁ።

ክፍሉን ከማያስፈልግ ዕቃ ማጥራት ስጀምር የሠራሁትን በአጭሩ ልለፈው። ከጠረጴዛዬ መሳቢያ ጀመርኩ፤ ከዚያ ወደ መስኮቱ ደፍ አለፍኩ። ለመቁጠሪያ የምንጠቀምባቸው ቆርኪዎችና ጠጠሮች በየቦታው ተበትነው ነበር። አንዲት የተማሪ እናት አሮጌ ቁና ሰጡኝና እዚያ ውስጥ ገቡ። ደንቤ አንድ ነው፦ የጠዋቱ ፈረቃ ወጥቶ የከሰዓቱ እስኪገባ ባለው ጊዜ አሥር ደቂቃ፣ አንድ ቦታ ብቻ። መሳቢያ ከሆነ መሳቢያውን ብቻ። ጀማሪ ከሆናችሁ ከትልቁ ክምር አትጀምሩ።

ዘመቻ የሚባለውን ነገር አልወደውም። ሱፐርቫይዘር ይመጣል ሲባል ዴስኩ ሁሉ ወደ ውጭ ይወጣል፣ ውሃ ይቀዳል፣ ግድግዳ ይታጠባል። በማግሥቱ ክፍሉ ያምራል። ወር ሳይሞላ ወደነበረበት ይመለሳል፤ ዕቃው ቦታ ቀየረ እንጂ ከክፍሉ አልወጣማ። አርፍዶ የመጣን ልጅ ክፍል በማስጠረግ መቅጣትም ቢቀር እላለሁ። መጥረጊያውን ቅጣት ካደረግነው በኋላ «ክፍላችሁን በንጽሕና ያዙ» ብንል ማን ይሰማናል?

ብዙዎቻችን ካይዘን የሚባለውን የአሠራር ማሻሻያ ሥልጠና ወስደናል። አምስቱን «ማ»ዎች በቃላችን እናውቃቸዋለን፦ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። ከጃፓን ፋብሪካዎች የመጣ አሠራር ነው። ለእኔ ቁም ነገሩ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ማጽዳት ሦስተኛ ነው። እኛ ግን ሁሌ ከመጥረጊያው እንጀምራለን። ከዚያ ሥልጠና ያገኘሁት፣ በጣም የምወደው መሣሪያ ቀይ ካርድ ነው። አስፈላጊነቱ ያጠራጠረ ዕቃ ላይ ቀይ ወረቀት ይለጠፍና ቀን ይጻፍበታል። ቀኑ እስኪደርስ ማንም ካልተጠቀመበት ከክፍሉ ይወጣል። ቀይ ወረቀት ስላልነበረኝ በነጭ ወረቀት ላይ በቀይ እስክሪብቶ ጻፍኩ። በደንብ ይሠራል።

የኋላው ጥግ ግን ለቀይ ካርድ አልበገር አለ። እዚያ የተከመረው እግሩ የወለቀ ዴስክ፣ የተሰነጠቀ አግዳሚና በማዳበሪያ የታጨቀ የድሮ መጽሐፍ ነበር። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በ2015 ዓ.ም. ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ሥራ ላይ ሲውል፣ የቀድሞዎቹ መጻሕፍት ከአገልግሎት ወጡ። የሚያነሳቸው ግን አልነበረም። አይጥ ገባባቸው። ዝናብ ሲጀምር ደግሞ ልጆቹ በጫማቸው ይዘውት የሚገቡት የዋልካ ጭቃ ተጨምሮበት ሽታው አላስቀምጥ ይለናል።

አውጥቶ መጣል አይቻልም። የመንግሥት ንብረት ነው። የንብረት ክፍሉን ጋሼን ስጠይቃቸው «ልጄ፣ ቢሰበርም መዝገብ ላይ አለ። ዝም ተብሎ አይጣልም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ነገ የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው። ንብረት ማስወገድ ደግሞ ኮሚቴ አለው፣ ውሳኔ አለው፣ ጊዜ ይፈጃል። ብዙ መምህር ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው።

መንገዱ የተከፈተልኝ ማስወገድንና ከክፍል ማውጣትን ስለያቸው ነው። ዕቃ ከንብረት ክፍል ሞዴል 22 በሚባለው የወጪ ደረሰኝ ይወጣል፤ ሲገባ ሞዴል 19 በሚባለው የገቢ ደረሰኝ ይገባል። ስለዚህ «ይወገድልኝ» ማለቴን ትቼ «ተረከቡኝ» አልኩ። ጋሼ «ቦታ የለኝም» አሉ። መጋዘናቸው በእርግጥም ጢም ብሏል። እንግዲያው በአንድ ጊዜ ሳይሆን ጥቂት ጥቂት እያልን እንረካከብ ተባባልን። ሁሉንም ዕቃ በአራት ለይቼ ጻፍኩት፦ የሚጠገን፣ ለመጠገኛ የሚሆን፣ ሌላ ክፍል የሚፈልገው፣ መወገዱን የሚጠብቅ። ሁለታችንም ፈረምንበት፤ አንዱ ቅጂ ለርእሰ መምህሩ ደረሰ።

ይህን ዝርዝር ከቀይ ካርዱም አስበልጬ የምመክራችሁ ለዚህ ነው፦ ርእሰ መምህሩ ወረቀቱን ይዘው ለወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ኅብረት አቀረቡት። አናጺ የሆኑ አንድ አባት መጥተው ስብርባሪውን አገላብጠው አዩት። የአንዱን እግር ለሌላው እየገጠሙ ሁለት ደህና ዴስክ አወጡልን። ስለ ክፍሉ መጣበብ ብዙ ጊዜ በቃል ተናግሬያለሁ። ያስነሳቸው ግን የተጻፈው ነው።

መጽሐፎቹን ስለይ ልጆቹን አላስጠጋሁም። የአይጥ ኩስ በደረቁ አይጠረግም፤ አቧራው በሽታ ያመጣል። በበረኪና ውሃ አርጥባችሁ፣ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ አንሱት። ተረት ያለባቸውን ደህና ደህናዎቹን አስፈቅጄ ለንባብ አስቀርቻለሁ።

በግድግዳው ላይ ግን አሁንም ልቤ አልቆረጠም። በማዳበሪያ ላይ በእጄ የሣልኳቸው የፊደል ገበታና የሰውነት ክፍሎች ተሰቅለዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ ጥናት አለ። 24 የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች ግድግዳው በሥዕል በተሞላ ክፍልና ባዶ በሆነ ክፍል ተምረው ተፈተኑ። በባዶው ክፍል በአማካይ 55 በመቶ፣ በተሞላው 42 በመቶ መለሱ። ትንሽ ጥናት ነው፣ የሌላ አገርም ነው። ሆኖም ልጆቼ ወደ ሰሌዳው ሲያዩ ዓይናቸው የት እንደሚሄድ ስለማውቅ አምኜዋለሁ። በሰሌዳው ዙሪያ የነበሩትን አወረድኩ፤ አሁን የሳምንቱ ትምህርት ብቻ ይሰቀላል። የኋላው ግድግዳ ላይ ያሉትን ግን እወዳቸዋለሁ፣ አልነካኋቸውም።

የቀረኝ ከከሰዓቱ ፈረቃ መምህር ጋር የምንጋራው ቁም ሣጥን ነው። ላዩ የእኔ፣ ታቹ የእሱ ተባብለናል። መሐሉ ላይ ግን የሁለታችንም ወረቀት ይከመራል። ማላመድና ማዝለቅ ለብቻ ሲሆን ቀላል ነው፤ ለሁለት ሲሆን ይከብዳል። አንድ ክፍል በሁለት ፈረቃ የምትጋሩ ካላችሁ፣ በምን እንደተስማማችሁ ንገሩኝ። የሰኔ ዝናብ ሳይጠና ብጨርሰው ደስ ይለኛል።